ሰው ያለውና ሰው ያደረገው፦ የጆርጅ ጋለፕ ታሪክ



ከመቶ ይህን ያህሉ ሰው ይደግፋል፣ ይህን ያህሉ ይቃወማል የሚል ዜና ስልካችሁ ላይ ደጋግማችሁ ታያላችሁ። ከነዚህ ዜናዎች በብዙዎቹ ውስጥ ጋለፕ የሚል ስም አለ። አብዛኛው ሰው ጋለፕን የሚያውቀው ድርጅት ነው ብሎ ነው። ልክ ነው፣ ድርጅት ነው። ግን ከድርጅቱ በፊት ሰውየው ነበር። የላም ወተት እየሸጠ ያደገ፣ በጋዜጣ አንባቢዎች ላይ ዶክትሬቱን የሠራ፣ አንድ የፕሬዚዳንት ምርጫ ተንብዮ ዓለም ያወቀው፣ ከ12 ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ ምርጫ ተንብዮ አገር የሳቀበት ሰው።

የዛሬው ታሪክ የእሱ ነው። በተለይ ሲኒየር ኤሴይ እየሠራችሁ መጠይቅ የምትበትኑ ልጆች ረጋ ብላችሁ አንብቡት፤ ለእናንተ የሚሆን ነገር አለው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጆርጅ ሆራስ ጋለፕ የተወለደው በኅዳር ወር 1901 ነው፤ በአሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ፣ አዮዋ ግዛት ውስጥ፣ ጄፈርሰን በምትባል ትንሽ ከተማ። አባቱ ትንሽ ለየት ያለ ሰው ነበር፤ ቤተሰቡን ያኖረበትን ቤት ስምንት ማዕዘን አድርጎ ነው ያሠራው። ልጆቹ ከአባታቸው ኪስ እንዳይጠብቁ ላሞች ሰጣቸው። ጆርጅም ወተት እያለበ፣ እየሸጠ፣ በዛች ገንዘብ ሃይስኩል እያለ የተማሪዎች ጋዜጣ አቋቋመ። በኋላ ቤተሰቡ ገንዘብ ሲያጥረው ዩኒቨርሲቲውን ራሱ እየሠራ ነው የተማረው። አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ገብቶም ከጋዜጣ አልራቀም፤ ዴይሊ አዮዋን የሚባለው የግቢው ጋዜጣ አዘጋጅ ሆነ።

ነገሩ የጀመረው በ1922 የበጋ ዕረፍት ነው። ጋለፕ ሴንት ሉዊስ ከተማ ላይ ጊዜያዊ ሥራ አገኘ። ሥራው ቀላል ነበር፦ ቤት ለቤት እየዞሩ በር ማንኳኳትና ሰዎች ከጋዜጣቸው ምን ምኑን እንደሚያነቡ መጠየቅ። ይጠይቃል፣ ይጽፋል፣ ወደሚቀጥለው በር ይሄዳል። ያው ጥያቄ፣ ያው መልስ። ሰዎቹ የፊት ገጹን ዜና እናነባለን፣ ርዕሰ አንቀጹን እናነባለን፣ የውጭ ጉዳዩን እንከታተላለን ይሉታል። ጋለፕ ግን ልቡ አልተቀበለውም። የጋዜጣ ልጅ ነው፤ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ሲያገላብጥ ዓይኑ መጀመሪያ የት እንደሚሄድ ያውቃል።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የታሪኩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ነው።

ገበያ ሄዳችሁ አንድ ኪሎ ቲማቲም አስመዘናችሁ እንበል። ሚዛኑ አንዴ 900 ግራም፣ አንዴ 1200 ግራም ቢላችሁ ሚዛኑ አይታመንም ትላላችሁ። አሁን ደግሞ ሌላ ሚዛን አስቡ፤ ሁልጊዜ፣ በየቀኑ፣ ለማንም ሰው ልክ 200 ግራም ጨምሮ የሚያሳይ። ይሄኛው አይዋዥቅም። መቶ ጊዜ ብትመዝኑ መቶ ጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር ይሰጣችኋል። ግን ውሸት ነው። የጥናት ሰዎች የመጀመሪያውን ችግር የአስተማማኝነት ችግር ይሉታል። ሁለተኛው ቫሊዲቲ ወይም የልኬት ትክክለኛነት የሚባለው ነው፤ መለኪያው እለካለሁ ያለውን ነገር በእርግጥ ይለካል ወይ ነው ጥያቄው።

ሴንት ሉዊስ ላይ የተጠየቀው ጥያቄ እንደ ሁለተኛው ሚዛን ነበር። አንድ ሺህ ሰው ብትጠይቅ አንድ ዓይነት መልስ ታገኛለህ፤ ሁሉም ቁም ነገር አንባቢ ነው። ስለዚህ ጥያቄው የሚለካው ንባብን ሳይሆን የተማረ መስሎ የመታየት ፍላጎትን ነው። ሰዎቹ የግድ ዋሽተዋል ማለት አይደለም። በሩ ላይ የቆመ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ብዕር ይዞ ሲጠይቅህ፣ ትናንት ማታ ካርቱን ሳይ አመሸሁ ብሎ ማን ይመልሳል?

ጋለፕ መፍትሔውን በዶክትሬቱ ሥራ ላይ ሞከረው፤ በ1928 ጨረሰው። ዘዴው ሲሰሙት የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ሰውየውን ምን ታነባለህ ብሎ መጠየቅ ተወ። በምትኩ አዲስ፣ ምንም ምልክት የሌለበት የዛኑ ጋዜጣ ቅጂ ይዞ ይሄድና ከሰውየው ጋር ቁጭ ብሎ ገጽ በገጽ፣ ዓምድ በዓምድ ያገላብጣል። ይሄን አንብበኸዋል? ይሄንስ? እስከ የት ድረስ? የተነበበውን ሁሉ ምልክት ያደርግበታል። ስለ ልማዳችሁ በጥቅሉ መዋሸት ቀላል ነው፤ ፊታችሁ ስለተዘረጋ አንድ የተወሰነ ዜና መዋሸት ግን ይከብዳል፤ ምን ይላል ብትባሉስ?

ውጤቱ የጋዜጣ ባለቤቶችን አስደነገጠ። ከፊት ገጹ ትልቅ ዜና ይልቅ ታዋቂው ካርቱን ብዙ አዋቂ አንባቢ ነበረው። የሥዕልና የፎቶ ገጾችም እንደዛው። አዘጋጆች ኩራታቸውን ያፈሰሱበት ርዕሰ አንቀጽ ግን አንባቢው ጥቂት ነበር። ማስታወቂያ ነጋዴዎች ይህን ሲሰሙ ምን እንዳደረጉ መገመት አያቅትም፤ ብዙም ሳይቆይ ማስታወቂያዎች በካርቱን መልክ መውጣት ጀመሩ። ዛሬ ስልካችሁ ላይ የምትነኩትንና ስንት ሰከንድ የቆያችሁበትን የሚቆጥሩት አፖች የሚያደርጉት ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም፤ የሚሉትን ትቶ የሚያደርጉትን ማየት። ልዩነቱ ጋለፕ ፈቃድ ጠይቆ ሶፋ ላይ መቀመጡ ነው።

ከዛ ጥቂት ዓመት በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች ጋዜጠኝነት አስተማረ፤ ድሬክ፣ ከዛ ኖርዝዌስተርን። በ1932 ያንግ ኤንድ ሩቢካም የሚባለው ትልቅ የኒው ዮርክ የማስታወቂያ ድርጅት የምርምር ክፍሉን እንዲመራ ወሰደው። እዛ አሥራ አምስት ዓመት ሠራ።

በዛው ዓመት የቤተሰብ ነገር መጣ። የሚስቱ እናት፣ ወይዘሮ ኦላ ባብኮክ ሚለር፣ አዮዋ ውስጥ ለግዛቱ ዋና ጸሐፊነት በዴሞክራቶች በኩል ተወዳደሩ። አዮዋ ያኔ የሪፐብሊካኖች ቤት ስለነበረች ያሸንፋሉ ብሎ የጠበቀ አልነበረም። አሸነፉ። በግዛቷ ያን ሥልጣን የያዙ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ፤ የአዮዋን የመንገድ ፖሊስ የመሠረቱትም እሳቸው ናቸው። የጋለፕ የፖለቲካ ጥናት አጀማመር ከዚህ ከአማቱ ምርጫ ጋር ይያያዛል። ስለ ጥርስ ሳሙና ሰውን ጠይቆ ማወቅ ከተቻለ ስለ መንግሥትስ ለምን አይቻልም የሚል ሐሳብ ያዘው።

በ1935 ፕሪንስተን ላይ የአሜሪካ የሕዝብ አስተያየት ተቋምን አቋቋመ። የጥናቱ ውጤት በጥቅምት ወር በብዙ ጋዜጦች መውጣት ጀመረ። ዋሽንግተን ፖስት ይህንኑ ለማስተዋወቅ ከተማው ላይ የአየር መርከብ አስበረረ። ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ መንግሥት ለድሆች ዕርዳታና ለኢኮኖሚ ማገገሚያ የሚያወጣው ገንዘብ በዛ፣ አነሰ ወይስ ልክ ነው የሚል ነበር፤ ከመቶ 60ው በዛ ብሎ መለሰ። ያ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነው፤ ሩዝቬልት ሥልጣን ላይ ናቸው።

በ1936 ምርጫ መጣ። ያኔ የትንበያ ንጉሥ ሊተራሪ ዳይጀስት የሚባል መጽሔት ነበር። ከ1916 ጀምሮ የነበሩትን ምርጫዎች አሸናፊ በትክክል ተናግሯል። ዘዴው ብዛት ነው። 10 ሚሊዮን የሚሆን የድምፅ ካርድ በፖስታ ይልካል፤ ወደ 2.4 ሚሊዮን ገደማ ተመለሰለት። ያንን የሚያህል ቁጥር ከዛ በፊትም ከዛ በኋላም በብዛት አልታየም።

ጋለፕ ያኔ ያደረገው ነገር ድፍረት ይባላል። ጥናቱን ለገዙት ጋዜጦች ከዳይጀስት የተሻለ ካልተነበይኩ ገንዘባችሁን እመልሳለሁ አለ። አልበቃውም። ገና በሐምሌ፣ ዳይጀስት ካርዶቹን መላክ ሳይጀምር፣ መጽሔቱ ሪፐብሊካኑ ላንደን 56 ከመቶ አግኝተው ያሸንፋሉ ብሎ እንደሚያወጣና እንደሚሳሳት ጻፈ። የመጽሔቱ አዘጋጅ በጣም ተናደደ። ገና ያልተሠራን ጥናት ውጤት ማን ይተነብያል? ጋለፕ ግን ጠንቋይ አልነበረም፤ ዳይጀስት ከሚጠቀምባቸው ዓይነት የስም ዝርዝሮች 3,000 ሰው ብቻ መርጦ ካርድ ልኮ፣ የሚመጣውን አይቶ ነው የተናገረው። ዝርዝሮቹ የስልክ ማውጫና የመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበሩ። በዛ የድህነት ዘመን ስልክና መኪና ያለው ማን እንደሆነ እናንተው ገምቱ።

ዳይጀስት ላንደን በ57 ከመቶ ያሸንፋሉ አለ። ሩዝቬልት 61 ከመቶ ገደማ አግኝተው፣ ከሁለት ትናንሽ ግዛቶች በቀር አገሩን በሙሉ ጠራርገው ወሰዱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዳይጀስት ተዘጋ።

ይሄ ታሪክ በየስታቲስቲክስ ክፍሉ ስለ ናሙና አመራረጥ ይነገራል፤ ትክክል ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ግን ጋለፕም ጎበዝ ተብሎ በተሸለመበት ምርጫ ሩዝቬልትን በስድስት በሰባት ነጥብ ዝቅ አድርጎ መገመቱ ነው። አሸናፊውን አገኘ እንጂ ቁጥሩን አላገኘም። ያን ቀን ግን ይህን የሚያይ ሰው አልነበረም፤ ወጣቱ ዶክተር ጀግና ሆነ።

እኔ ጋለፕን የምወደው ከዚህ በኋላ ባለው ሥራው ነው። ምርጫ መተንበይን ራሱን እንደ ትልቅ ነገር አላየውም። የሚያየው እንደ ፈተና ነበር። ሰዎች ስለ ሞት ቅጣት፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ግብር ያላቸውን አስተያየት ስትጠይቅ፣ መልሱ ትክክል መሆኑን የምታወዳድርበት የመልስ ወረቀት የለህም። ምርጫ ግን የመልስ ወረቀት አለው። ማታ ድምፅ ይቆጠራል፤ መለኪያህ ይሠራል ወይስ አይሠራም፣ ጠዋት ታውቃለህ። የጥናት መጻሕፍት መለኪያን ከውጭ ካለ እውነት ጋር ማነጻጸር የሚሉት ይህንኑ ነው።

የጥያቄ አጻጻፍ ነገር ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ያኔ ጋለፕና የዘመኑ ባለሙያዎች ናሙናውን ለሁለት ከፍለው ለግማሹ ጥያቄውን በአንድ ቃል፣ ለግማሹ በሌላ ቃል ማቅረብ ጀምረው ነበር። በ1941 ዶናልድ ራግ የሚባል ተመራማሪ ያሳተመው ምሳሌ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ለአንዱ ቡድን አሜሪካ ዴሞክራሲን የሚቃወሙ ንግግሮችን በአደባባይ መፍቀድ አለባት ወይ ተባለ፤ 62 ከመቶው መፍቀድ የለባትም አለ። ለሌላው ቡድን መከልከል አለባት ወይ ተባለ፤ መከልከል አለባት ያለው 46 ከመቶ ብቻ ነው። አለመፍቀድና መከልከል በተግባር አንድ ነው አይደል? ሰው ግን መከልከል የሚለው ቃል ይከብደዋል። በአማርኛችንም እኮ አልፈቅድም ማለትና እከለክላለሁ ማለት ጆሮ ላይ እኩል አይመዝኑም። እና የሕዝቡ አስተያየት የትኛው ነው፣ 62 ወይስ 46? ማናቸውም ብቻቸውን አይደሉም። የለካነው ግማሹ አስተያየት፣ ግማሹ ቃሉ ነው።

ጋለፕ ለዚህ ዓይነት ነገር ብልሃት ነበረው። ስለ ሆሊውድ ፊልሞችም ጥናት ይሠራ ነበር፤ ከሠራተኞቹ አንዱ በኋላ የማስታወቂያው ዓለም አባት የተባለው ዴቪድ ኦግልቪ ነው። ታዲያ በእንግሊዝኛው ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ የተሰኘውን ልብ ወለድ ስንት ሰው እንዳነበበው ማወቅ ተፈለገ። አንብበኸዋል ወይ ብለው ቢጠይቁ ያው የሴንት ሉዊስ ችግር ይመጣል፤ ሁሉም አንብቤዋለሁ ይላል። ስለዚህ ጥያቄው ተገልብጦ መጽሐፉን ለማንበብ ታስባለህ ወይ ሆነ። ያነበበው ኩራት ይዞት ኧረ ጨርሼዋለሁ ይላል። ያላነበበው ደግሞ አዎ አስባለሁ ብሎ ክብሩን ጠብቆ ይወጣል። ማንም አላፈረም፣ ማንም አልዋሸም፣ ቁጥሩም ተገኘ። መጠይቅ የምትሠሩ ልጆች ይቺን አንድ ነገር ብትይዙ ይበቃችኋል እላለሁ።

በ1947 ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻውን አስተያየትን አይለካም ብሎ አምስት ደረጃ ያለው ዘዴ አሳተመ። መጀመሪያ ሰውየው ስለ ጉዳዩ ያውቅ እንደሆነ ማጣራት ነው። ይሄ ቀላል ይመስላል፤ ግን ሰው ስለማያውቀው ነገር ሲጠየቅ አላውቅም ከማለት ይልቅ አንዱን መርጦ መገላገል ይቀለዋል። ከዛ ክፍት ጥያቄ፣ በራሱ ቃል እንዲናገር። ቀጥሎ ቁርጥ ያለው የአዎ ወይም የአይደለም ጥያቄ። ከዛ ለምን? በመጨረሻ ደግሞ ምን ያህል አጥብቀህ ነው የምታምንበት። ሁለት ሰዎች እደግፋለሁ ሊሉ ይችላሉ፤ አንዱ ለዛ ነገር አደባባይ ይወጣል፣ ሌላው ጠያቂው ደጁን ሳይለቅ ይረሳዋል።

ችግር ያለበትን ጎኑንም እንናገር። የጋለፕ ተቋም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ናሙናውን የሚያዘጋጀው መራጩን እንዲመስል እንጂ ሕዝቡን እንዲመስል አልነበረም። ሴቶች ከወንዶች ያነሰ ይመርጣሉ ተብሎ ከናሙናው አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነበሩ። በደቡብ ግዛቶች የሚኖሩ ጥቁሮች ደግሞ በሕግና በማስፈራራት ከምርጫ ስለተገለሉ ከጥናቱም ከሞላ ጎደል ተገለሉ። ለምርጫ ትንበያ ይህ ሊያስኬድ ይችላል። ግን ያው ናሙና ስለ ደመወዝ፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ዘር መድልዎ ተጠይቆ ውጤቱ የአሜሪካ ሕዝብ አስተያየት ተብሎ በየጋዜጣው ወጣ። ጋለፕ ተራው ሰው ለመንግሥት የሚናገርበት መሣሪያ አመጣሁ ብሎ ከልቡ ያምን ነበር፤ በ1940 ከሳውል ሬይ ጋር በጻፈው መጽሐፍም ይህንኑ ተከራክሯል። መሣሪያው ግን አስቀድሞ ድምፅ የተነፈጉትን ሰዎች አልሰማም። ይሄ የቁጥር ስህተት ብቻ አይደለም፤ ሕዝብ የሚለውን ቃል ማን ውስጥ አስገብተህ ማን አስወጥተህ እንደተጠቀምክበት ነው።

ከዛ 1948 ደረሰ። ፕሬዚዳንት ትሩማን ከቶማስ ዱዊ ጋር። ጋለፕ በመጨረሻው ትንበያው ዱዊ 49.5፣ ትሩማን 44.5 ከመቶ ያገኛሉ አለ። ሌሎቹ ትልልቅ ጥናት አድራጊዎችም ዱዊን ነበር ያሉት። ውጤቱ ተገለበጠ፤ ትሩማን 49.6፣ ዱዊ 45.1። ትሩማን ዱዊ አሸነፈ የሚል ትልቅ ርዕስ ያለውን የቺካጎ ትሪቢዩን ጋዜጣ ከፍ አድርገው እየሳቁ የተነሱትን ፎቶ አይታችሁት ይሆናል። ጥናቱን የሚገዙ አንዳንድ ጋዜጦች ውላቸውን አቋረጡ። ጋለፕ ያን ጊዜ 47ኛ ዓመቱ ላይ ነበር።

የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁራን ተሰብስበው ምን እንደተፈጠረ መረመሩ፤ ጥናት አድራጊዎቹም መዝገቦቻቸውን ከፈቱላቸው። የተገኘው ብዙ ነው። አንደኛ፣ ምርጫው ሳምንታት እየቀሩት መጠየቅ ተቋርጦ ነበር፤ ሰው ግን በመጨረሻዎቹ ቀናት ሐሳቡን ቀየረ። ሁለተኛ፣ ጠያቂዎቹ ይህን ያህል ወንድ፣ ይህን ያህል ሴት፣ ይህን ያህል ድሃ አምጡ ይባላሉ እንጂ የትኛውን ድሃ የሚለው ለእነሱ የተተወ ነበር። ጠያቂ ደግሞ ሰው ነው፤ ውሻ የሌለበትን ግቢ፣ ትሁት የሚመስለውን ሰው ይመርጣል። ስለዚህ የተማሩትና የተሻለ ኑሮ ያላቸው በዙ። ከዚህ በኋላ ጋለፕ ሰው በዕጣ ወደሚመረጥበት ዘዴ ተሻገረ።

የሚገርመኝ ግን ሦስተኛው ነው፣ የመለኪያው ነገር። ዛሬ ምርጫ ቢደረግ ማንን ትመርጣለህ የሚለው ጥያቄ የዛሬን ፍላጎት ይለካል። ምርጫ ግን የሚወሰነው በዛች ቀን ከቤቱ ወጥቶ ሰልፍ በያዘ ሰው ነው። መራጭ ነህ ወይ ብለህ ብትጠይቅ ሁሉም አዎ ይላል፤ መምረጥ እንደ ጨዋነት ይታያላ። በ1950ዎቹ የጋለፕ ባልደረባ ፖል ፔሪ ይህን ለመፍታት ዞር ያለ መንገድ አበጀ። በቀጥታ ትመርጣለህ ወይ ከማለት ጋር የምርጫ ጣቢያህ የት እንደሆነ ታውቃለህ፣ ከዚህ በፊት በዚህ ሰፈር መርጠህ ታውቃለህ፣ ስለ ምርጫው ምን ያህል አስበሃል የሚሉ ትናንሽ ጥያቄዎችን ደመረ። ከዛ ትልቁን ነገር አደረጉ፤ ከምርጫው በኋላ ሄደው መዝገብ አዩ፣ እመርጣለሁ ያለው ሰው በእርግጥ መርጧል? የትኛው ጥያቄ እውነቱን እንደሚያወጣ በዚህ ተለየ። ጣቢያው የት እንደሆነ የማያውቅ መራጭ፣ አፉ ምንም ቢል፣ ቤቱ ነው የሚቀረው።

ሁሉም ጥያቄ ግን መዝገብ የለውም። ከ1939 ጀምሮ የጋለፕ ተቋም አሜሪካውያንን ባለፉት ሰባት ቀናት ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል ወይ እያለ ይጠይቅ ነበር። መልሱ ለአሥርት ዓመታት 40 ከመቶ አካባቢ ቆመ። የማይዋዥቅ፣ የሚያምር ቁጥር። ጋለፕ ከሞተ በኋላ፣ በ1993፣ ሦስት ተመራማሪዎች ቀለል ያለ ነገር አደረጉ፤ ኦሃዮ ውስጥ አንድ አውራጃ መርጠው ቤተ ክርስቲያኖቹ ውስጥ የሚገባውን ሰው ቆጠሩ። በመጠይቁ ከፕሮቴስታንቶቹ 36 ከመቶው ሄጃለሁ ሲል በቆጠራው የተገኘው ግን 20 ከመቶ ገደማ ነው። ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሁልጊዜ 200 ግራም የሚጨምረው ሚዛን ትዝ አላችሁ? ለሃምሳ ዓመት ሲመዝን ነበር። ጥያቄው የእግር መንገድን ሳይሆን ራሴን እንደ አማኝ አያለሁ ወይ የሚለውን ነው የሚለካው ብለው የተከራከሩ አሉ፤ እኔም ወደዛ አደላለሁ።

ጋለፕ እስከ መጨረሻው ሠርቷል። ለፓርቲዎች ተቀጥሮ ጥናት አልሠራም፤ ተቋሙ ከማንም ወገን እንዳይሆን ይጠነቀቅ ነበር። ሐምሌ 26 ቀን 1984 ስዊዘርላንድ ውስጥ ቱን ሐይቅን ቁልቁል ከሚያየው የበጋ ቤቱ በልብ ድካም ሞተ። 82 ዓመቱ ነበር። ድርጅቱ ከአራት ዓመት በኋላ ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ፣ ስሙ ግን ቀረ። በ2015 ተቋሙ ማን ያሸንፋል የሚለውን የፕሬዚዳንት ትንበያ እንደማይሠራ አስታወቀ። ያ ሰው ስሙን የተከለበት ሥራ በስሙ መሠራቱ ቆመ ማለት ነው።

ከእኛ ጋር የሚገናኘው ደግሞ እዚህ ነው። ከ2005 ጀምሮ ጋለፕ በዓለም ዙሪያ ከ140 በላይ አገሮች ጥናት ያካሂዳል፤ ኢትዮጵያም አለችበት። በየዓመቱ መጋቢት ላይ ደስተኛ አገሮች ተብሎ የሚወጣው ዝርዝር፣ ፊንላንድ ደጋግማ አንደኛ የምትሆንበት፣ መሠረቱ ይኸው ጥናት ነው። ስትጠየቁ ግን ደስተኛ ናችሁ ወይ አትባሉም። ከታች ዜሮ ከላይ አሥር የተጻፈበት መሰላል እንድታስቡ ይነገራችኋል፤ አሥር ለእናንተ የሚቻለው ምርጥ ሕይወት ነው፣ ዜሮ የመጨረሻው መጥፎ። አሁን ስንተኛው እርከን ላይ ናችሁ? መሰላሉን ያወጣው ፕሪንስተን ላይ ከጋለፕ ጋር ይሠራ የነበረው ሃድሊ ካንትሪል ነው።

አሁን አስቡት። ልጆቿን አስተምራ፣ ዕድሯ ሞልቶ፣ ጎረቤት ከቧት ቡና የምታፈላ እናት ስለ መሰላሉ ስትጠየቅ ሦስት ልትል ትችላለች፤ ምክንያቱም ቤቷ የኪራይ ነው፣ ልጇም ሥራ አላገኘም። ሦስቱ እውነት ነው። የሚለካው ግን ሕይወቷ ሊሆን ከሚችለው አንጻር የት እንደቆመች ያላትን ግምት ነው፤ ትናንት ከጎረቤቶቿ ጋር ስትስቅ የተሰማትን አይደለም። ለዛ ጥናቱ ሌላ ጥያቄ አለው፤ ትናንት ስቀሃል ወይ፣ ተጨንቀሃል ወይ የሚል። የሁለቱ ደረጃ አይመሳሰልም፤ በመሰላሉ ታች ያሉ አገሮች በሳቁ ላይ ከፍ ብለው የሚገኙበት ጊዜ አለ። ስልካችን ላይ የሚደርሰው ግን አንደኛው ዝርዝር ብቻ ነው፣ ያውም ደስታ የሚል ርዕስ ተለጥፎበት።

ለዛሬ እዚህ ላይ ይብቃን ቤተሰብ። እናንተ ብትጠየቁ ስንተኛው እርከን ትሉ ነበር?